ለአሮጌው የአርጎን ማሽን የእግር ፔዳል

ጋሼ የአውሮፕላን ክፍሎችን ሲበይዱ የኖሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ባለሙያ ናቸው። ጠያቂያቸው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥታ አዲስ አበባ ውስጥ ራዲያተርና የአሉሚኒየም ታንክ የምትበይድበት ሥራ ቤት የከፈተች ወጣት ናት።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ያገለገለ የአርጎን ማሽን ገዛሁ። ከባድ ነው፣ አራት ሰው ነው ያወረደልኝ። ፊቱ ላይ አምፔር መጨመሪያ አንድ መዘውር ብቻ አለው። ብረት ላይ ምንም አይለኝም። አሉሚኒየም ላይ ግን ሲጀመር አልቀልጥ ይላል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ቀልጦ ይፈስብኛል። የእግር ፔዳል ልገጥምለት እፈልጋለሁ።

ጋሼ፦ ደግ አስበሻል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው፤ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሙቀት አይዝም፤ የሰጠሽውን ወዲያው ወደ ጎን ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ስትጀምሪ ቁራሹ በሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ አምፔሩን ይውጥብሻል። አምስት ስድስት ሳንቲሜትር ከሄድሽ በኋላ ግን ከፊትሽ ያለው ብረት አስቀድሞ ሞቆ ይጠብቅሻል። ያው 120 አምፔር መጀመሪያ አንሶ፣ መጨረሻ ላይ በዝቶ ይገኛል። መዘውሩ ደግሞ ማሽኑ ላይ ነው፤ አንዱ እጅሽ ቶርች፣ ሌላው መሙያ ዘንግ ይዟል።

ወጣቷ፦ እኔ በፍጥነት ነበር ላካክሰው የምሞክረው። ሲሞቅ እሮጣለሁ።

ጋሼ፦ ፔዳል የሌለው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። መሮጥ ይረዳል፤ ግን ስትሮጪ ዘንጉን በእኩል ርቀት መጨመር ያቅትሻል፣ መስመሩም እየጠበበ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ማቆሚያው ነው። አርኩን ድንገት ስትቆርጪ የቀለጠው ኩሬ ከዳር ወደ መሀል ይረጋል። አሉሚኒየም ሲረጋ ይኮማተራል፤ መጨረሻ የሚረጋው መሀሉ ነው፣ የሚሞላው ፈሳሽ ግን አልቋል። ስለዚህ እዚያች ጎድጓዳ ቦታ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ነገር ይቀራል። አጉሊ መነጽር ይዘሽ የቀድሞ ሥራሽን እዪው። ራዲያተር ተበይዶ ከሳምንት በኋላ የሚያንጠባጥበው ብዙ ጊዜ ከዚያች ነጥብ ነው።

ወጣቷ፦ አይቼዋለሁ። ቆሻሻ ነው ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ ቆሻሻም ይሰነጥቃል፤ ማቆሚያው ላይ ብቻ እየደጋገመ ከመጣ ግን ከአምፔሩ ነው። በፔዳል ስትሠሪ እግርሽን ቀስ እያደረግሽ ታነሻለሽ፣ ኩሬው ሲጠብ አንድ ጠብታ ዘንግ ትጨምሪለታለሽ፣ አርኩ ይጠፋል። ቶርቹን ግን ከቦታው አታነሺም፤ አርጎኑ እስኪቆም ትጠብቂያለሽ። በየ10 አምፔሩ አንድ ሰኮንድ ብለሽ ያዢ፤ በ120 አምፔር ስትሠሪ ከቆየሽ 12 ሰኮንድ ያህል። ይህ ጋዝ የተንግስተኑን ጫፍም የሥራውንም መጨረሻ ከአየር ይጠብቃል። ማሽንሽ ይህንን የጋዝ ማቆያ ካለው ጥሩ፤ ከሌለው ፔዳሉን ስትገጥሚ እሱም አብሮ መታሰብ አለበት።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ ለምን ሳይገጥሙለት ሠሩት?

ጋሼ፦ ይህ ብየዳ የተወለደው ለአውሮፕላን ነው። በ1941 በአሜሪካ በኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ፋብሪካ ራስል ሜረዲት የሚባል ሰው ማግኒዥየምን በተንግስተንና በሂሊየም በየደ፤ በተከታዩ ዓመት የፈጠራ መብቱን አገኘ። ቀጭን ነገር የሚበይዱ ፋብሪካዎች የእግር መቆጣጠሪያውን ቶሎ ወደዱት። ለአጥርና ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠው ማሽን ግን ዋጋው እንዲቀንስ ፔዳሉ ለብቻው ይሸጥ ነበር። ያንቺም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሽቦ ከመንካትሽ በፊት የማሽኑን ጀርባና ሆድ ዕቃ ማየት ነው። ሶኬት ተደፍኖ የተቀመጠበት ማሽን ብዙ አይቻለሁ።

ወጣቷ፦ ጀርባው ላይ ክብ ሶኬት አለ፤ ብዙ ቀዳዳ ያለው። የሸጠልኝ ሰው ጥቅም የለውም አለኝ።

ጋሼ፦ ስንት ቀዳዳ?

ወጣቷ፦ 14።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሥራሽ ግማሹ ተሠርቷል ማለት ነው። ማሽኑ ሚለር ከሆነ ወይም የእነሱን አሠራር የተከተለ ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹ አጠገብ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ኤ እና ቢ ሲገናኙ ማሽኑ ይነሳል፤ እዚያ 24 ቮልት አለ። ሲ ላይ 10 ቮልት ይወጣል፣ ዲ የዚያ መመለሻ ነው፣ ኢ ደግሞ ከፔዳሉ የሚመጣውን ከ0 እስከ 10 ቮልት ይቀበላል። ማሽኑ ኢ ላይ ያየውን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ሌላ አምራች ግን በዚያው ቅርጽ ሶኬት ሌላ ነገር ሊያስተላልፍ ስለሚችል ቀዳዳውን ቆጥረሽ አትመኚ፤ በቴስተር ለኪ።

ወጣቷ፦ ሶኬቱ የሞተ ከሆነስ? ወይም እንደ ጓደኛዬ ማሽን ምንም ሶኬት ከሌለውስ?

ጋሼ፦ ያን ጊዜ ማሽኑ አምፔሩን በምን እንደሚቀይር ማወቅ ግድ ነው። መዘውሩ ከባድ ሆኖ ብዙ ዙር የሚዞር ከሆነ፣ ውስጡ የብረት እምብርት ወደ ትራንስፎርመሩ እየገባና እየወጣ ነው። እዚያ የሚቆጣጠር ሽቦ የለም፤ ብረቱን የሚገፋው ክንድሽ ነው። ሞተር የገጠሙበት ሰዎች አሉ፤ ግን እግርሽ ያዘዘውን ሞተሩ እስኪያደርስ ኩሬው ወድቋል። እንደዚያ ከሆነ ተዪው፤ ገንዘብሽን ለሌላ ማሽን አጠራቅሚ። ይህን ማለት የማይወዱ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ሊሆን የማይችለውን ሊሆን ይችላል ማለት አልወድም።

ወጣቷ፦ የእኔ መዘውር ግን ቀላል ነው። ከአንድ ዙር በታች ነው የሚዞረው።

ጋሼ፦ መልካም። ያ ወይ ሪዮስታት ነው፣ ወይ ፖቴንሽሜትር። ክዳኑን ስትከፍቺ ይለያሉ። ሪዮስታት ትልቅ ነው፤ በሸክላ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ይታያል፣ ሲሠራ ቆይቶ ይሞቃል። ያ ያለበት ማሽን ውስጥ በዋናው የብየዳ መንገድ ላይ አንድ የብረት እምብርት አለ፣ በእምብርቱ ላይ ደግሞ ቀጭን የቁጥጥር ጥቅል። በቀጭኑ ጥቅል ጥቂት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስትልኪ እምብርቱ በማግኔት ይጠግባል፤ ሲጠግብ ትልቁን ኤሌክትሪክ መከልከል ያቅተዋል። የመስኖ ቦይ መዝጊያ እንደማንሳት ነው፤ ትንሽ ጉልበት ብዙ ውኃ ይለቃል።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ከሪዮስታቱ ሽቦ ወስጄ ወደ ፔዳል?

ጋሼ፦ ተመሳሳይ ኦምና ተመሳሳይ ዋት ያለው ሪዮስታት ፔዳሉ ውስጥ ካስገባሽ ይሠራል። የድሮ ፔዳሎች የሚከብዱትም ለዚሁ ነው። ከሬዲዮ የወጣች ትንሽ ፖቴንሽሜትር ግን እዚያ ብታስገቢ ወዲያው ትቃጠላለች። ሌላም ነገር አለ። የቁጥጥር ጥቅሉ ላይ ያለው ቮልት ሊገድል የሚችል መጠን ሊሆን ይችላል። ያንን ወደ እግርሽ፣ ወደ እርጥብ ሲሚንቶ ወለል ስታመጪው የፔዳሉ ቀፎ ብረት ሆኖ ከመሬት ሽቦ ጋር መታሰር አለበት። ጥቅሉ ኤሌክትሪክ እየሄደበት ድንገት ሲቆረጥ ደግሞ ከፍ ያለ ቮልት ይተፋል፤ ስለዚህ እየበየድሽ የፔዳሉን ሶኬት መንቀል ክልክል ነው።

ወጣቷ፦ ፖቴንሽሜትር ከሆነስ?

ጋሼ፦ ያን ጊዜ ከታይሪስተር ወይም ከኢንቨርተር ካርድ ጋር ነው የሚነጋገረው፤ ሥራውም ይቀላል፣ አደጋውም ይደበቃል። ፖቴንሽሜትሩ ሦስት እግር አለው፤ ሁለቱ ዳር፣ አንዱ መሀል። በሁለቱ ዳር መካከል የማያቋርጥ ቮልት አለ፤ መሀለኛው ከዜሮ እስከዚያ ድረስ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ማሽኑን ከግድግዳ ንቀዪ። ማጥፋት አይበቃም፤ ንቀዪ። ኮንደንሰሮች እስኪወርዱ ጠብቂ፣ ከዚያ በቴስተር ለኪያቸው። ኢንቨርተር ከሆነ እዚያ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተቀምጦ ሊጠብቅሽ ይችላል። ባዶ ከሆነ በኋላ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጊና ከሦስቱ እግሮች እያንዳንዱን ከዋናው ኤሌክትሪክ መግቢያ ጋር ለኪ። ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም።

ወጣቷ፦ ካለስ?

ጋሼ፦ ክዳኑን መልሰሽ እሰሪው። እንዲህ ያለ ካርድ ከዋናው መስመር አልተለየም፤ የፕላስቲክ መዘውር ስላለው ብቻ ነው ሰው ያልገደለው። ሽቦውን ስበሽ እግርሽ ሥር ስታመጪው ግን 220 ቮልት እያመጣሽ ነው። የሚለይ ካርድ መሥራት የሚችል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከሌለ እዚያ ላይ ይቆማል። ግንኙነት ከሌለም ገና አልጨረስሽም፤ ማሽኑን አብርተሽ፣ በአንድ እጅ ብቻ እየሠራሽ፣ እያንዳንዱን እግር ከማሽኑ ቀፎ ጋር ቮልት ለኪ፤ ቀጥተኛውንም ተለዋዋጩንም። የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲው ማስነሻ ግን ጠፍቶ፤ አለበለዚያ ቴስተርሽን ያቃጥለዋል። አንዳንድ ማሽን ላይ የቁጥጥሩ መመለሻ ከብየዳው መውጫ ጋር የተያያዘ ነው፤ መውጫው ሳይበይድ ሲቆም ደግሞ 80 ቮልት ያህል ሊኖረው ይችላል።

ወጣቷ፦ ሁሉም ደህና ሆነ እንበል። 10 ቮልት አገኘሁ። ፔዳሉን ከምን ልሥራ? የልብስ ስፌት ማሽን ፔዳል አለኝ።

ጋሼ፦ እሱን ለስፌት ተዪው። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ ቮልት አይከፍልልሽም። ጋራዥ ሄደሽ የተጣለ የነዳጅ ፔዳል ፈልጊ። እግር የለመደው ቅርጽ ነው፣ መመለሻ ሞላው ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሞላ አለው፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይመልሰዋል። የኤሌክትሮኒክሱን ክፍል አውጪና የራስሽን ፖቴንሽሜትር ግጠሚበት። 10 ኪሎ ኦም፣ መስመራዊ። ሻጩ ከድምፅ ማጉያ የወጣውን ሊሰጥሽ ይችላል፤ ገልብጠሽ ጽሑፉን እዪ። ቢ10ኬ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ መስመራዊ ነው። ኤ10ኬ ከሆነ ለጆሮ የተሠራ ነው፤ ግማሽ መንገድ ምንም ሳይሰጥሽ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይዘልብሻል። ያም ሆነ ይህ በቴስተር መሀሉ ላይ አድርገሽ ለኪ፤ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ካላነበበ መልሽው።

ወጣቷ፦ ፔዳሉ ትንሽ ነው የሚወርደው፤ የፖቴንሽሜትሩ ዙር ግን ሙሉ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም።

ጋሼ፦ 300 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ጥርስ ያለው ዘንግና ትንሽ ጥርስ ያስፈልግሻል። የፔዳሉ ጫፍ 5 ሳንቲሜትር ይወርዳል እንበል፣ ዘንጉም ያንኑ ያህል ይሄዳል። የትንሹ ጥርስ ዲያሜትር 21 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያ 5 ሳንቲሜትር 270 ዲግሪ ያዞረዋል። 30 ዲግሪ ሆን ብለሽ ነው የምታስቀሪው፣ ግማሹን ከታች ግማሹን ከላይ፤ ፔዳሉ ራሱ ያለው ማቆሚያ ላይ ይረፍ እንጂ ፖቴንሽሜትሩን እስከ ጫፉ አትግፊው። የሰው እግር ጉልበት አለው፤ ያቺ ትንሽ እንቅፋት በቀላሉ ትሰበራለች።

ወጣቷ፦ የማሽኑ መዘውር ይቅር ወይስ ይቆይ?

ጋሼ፦ ይቆይ፤ ጣሪያ ይሁንልሽ። ከእሱ መሀለኛ እግር የሚወጣውን ቮልት ወደ ፔዳሉ ፖቴንሽሜትር የላይኛው ዳር ስጪ። መዘውሩን 150 ላይ ካደረግሽ እግርሽ እስከ ወለል ቢጫንም ከዚያ አያልፍም። ለብረት በየሚሊ ሜትሩ ውፍረት 40 አምፔር የሚባለውን ታውቂያለሽ፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ 120 ይመጣል። ለአሉሚኒየም ትንሽ ከፍ አድርገሽ ጣሪያውን ትተዪና በእግርሽ ከሥሩ ትጫወቻለሽ። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ሁለት 10 ኪሎ ኦም ሲያያዙ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይጫነዋል። መዘውሩ እኩሌታው ላይ ሲሆን 5 ቮልት መስጠት የነበረበት 4 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ፊቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር መሀል አካባቢ ይዋሻል። ጉዳት የለውም፤ አዲስ ምልክት በቀለም ታደርጊበታለሽ።

ወጣቷ፦ ማስነሻውስ? ቶርቹ ላይ ቁልፍ አለኝ።

ጋሼ፦ ፔዳሉ ውስጥ ትንሽ ማይክሮ ስዊች አስገቢ፤ እግርሽ ገና ሲነካው፣ ፖቴንሽሜትሩ መነሳት ሳይጀምር የሚገናኝ። ጋዙን፣ ማስነሻውንና ዋናውን መገናኛ እሱ ያዝዛል። ይህ ስዊች ለምቾት ብቻ አይደለም። የፔዳሉ ገመድ ወለል ላይ ይረገጣል፣ ጋሪ ይሄድበታል። የመሀለኛው ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ ምን ያድርግ? ማሽኑ በኩል ከመሀለኛው ወደ መመለሻው 100 ኪሎ ኦም ካሰርሽ ወደ ዜሮ ይወርዳል። መመለሻው ቢበጠስ ግን ያ አያድንሽም፤ እግርሽን ብታነሺም 9 ቮልት ያህል ይቀራል፣ ማለትም ሙሉ አምፔር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ የሚያድንሽ ስዊቹ ነው፤ እግርሽ ሲነሳ ይቆርጣል። ለመመለሻው ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን መሳብም አይከፋም፤ ሽቦ ርካሽ ነው።

ወጣቷ፦ ስዊቹ በቀጥታ ከማሽኑ ጋር ይያያዝ?

ጋሼ፦ እዚያ ያለውን ቮልት ለኪና። 24 ከሆነ ይያያዝ። አሮጌ ማሽን ግን 110 እና ከዚያ በላይ ሊያሳይሽ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ የ24 ቮልት ትንሽ ትራንስፎርመርና ሪሌይ ማሽኑ ውስጥ አስገቢ፤ ፔዳሉ ሪሌይዋን ያስነሳ፣ ሪሌይዋ ማሽኑን። እግርሽ ሥር ከ24 በላይ አትፍቀጂ። ኦ፣ ስለ ቮልት ካነሳን፣ የማሽኑን መለያ ሰሌዳ አይተሽዋል? ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ትራንስፎርመር ብዙውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ ነው የተሠራው፤ የእኛ 50 ነው። ሰሌዳው 50/60 ካላለ እምብርቱ ከልክ በላይ ይጠግባል፣ ይሞቃል። እንደዚያ ከሆነ ፔዳል ሳይሆን ሌላ ጉዳይ ይቀድማል።

ወጣቷ፦ 50/60 ይላል፤ ሳልገዛው ነው ያየሁት።

ጋሼ፦ ጎበዝ! ብዙ ሰው እሱን አያይም። እንግዲህ የቀረው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲው ነው። አርኩን ሳይነካ የሚያስነሳው ያ ብልጭታ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፣ በአየር ይሄዳል፣ ባገኘው ቀጭን ሽቦ ሁሉ ይገባል። ፔዳሉን ጨርሰሽ በበየድሽበት ማግስት ካርዱ ቢቃጠል ከዚያ ነው። ስለዚህ ገመዱ መከለያ መረብ ያለው ይሁን፤ መረቡን በማሽኑ በኩል ብቻ ከቀፎው ጋር እሰሪው፣ በፔዳሉ በኩል ተቆርጦ ይቅር። የፔዳሉ ብረት ቀፎ የራሱ የመሬት ሽቦ ለብቻው ይኑረው። ሽቦዎቹ ማሽኑ ውስጥ በሚገቡበት ቦታ ላይ ከእያንዳንዱ ወደ ቀፎው 0.01 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር አድርጊ። የፔዳሉን ገመድ ከቶርቹ ገመድ ጋር አብረሽ በፕላስተር አትጠቅልዪ፤ ለንጽሕና ብለው የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፣ እሱ ራሱ ነው ካርድ የሚበላው።

ወጣቷ፦ መሞከሪያው እንዴት ነው? በቀጥታ አሉሚኒየም ላይ?

ጋሼ፦ የለም። መጀመሪያ ማሽኑ ተነቅሎ፣ በኦም። ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ስትጫኚ ቁጥሩ ሳይዘል መሄዱን ተመልከቺ፤ አንድ ቦታ ላይ ከዘለለ እዚያው ቦታ ላይ አርኩ ይዘላል። ከዚያ አብርተሽ፣ ማስነሻው ጠፍቶ፣ በቮልት። 5 ከመቶ ያህል ከታች ይቀራል፣ በዚያ ባስቀረሽው ዲግሪ ምክንያት፤ በ200 አምፔር ማሽን ላይ 10 አምፔር ማለት ነው፤ ለማጥፊያ አይከብድም። ከዚያ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ብረት ላይ፣ ያለ ዘንግ፣ ኩሬ ብቻ ክፈቺ። ኩሬውን በእግርሽ አስፊው፣ አጥብቢው፣ እጅሽ ሳይንቀሳቀስ። ይህን ሳትሰለቺ አድርጊ፤ እግር ከዓይን ጋር መነጋገርን የሚማረው በዚህ ነው። ወንበርም ይኑርሽ፤ ቆመሽ በአንድ እግር እየተደገፍሽ ፔዳል መያዝ አይሆንም፣ ሰውነትሽ ሲወዛወዝ አምፔሩም ይወዛወዛል።

ወጣቷ፦ ታንክ ውስጥ ገብቼ ወይም ከሥር ተኝቼ ስበይድስ? እዚያ ፔዳል የት ላድርግ?

ጋሼ፦ ለዚያ ቶርቹ ላይ የሚታሰር በጣት የሚዞር መቆጣጠሪያ አለ፤ ውስጡ ያው ፖቴንሽሜትር ነው። ፔዳሉን የሚቀበለውን ሶኬት በደንብ ከሠራሽው ነገ እሱንም እዚያው ትሰኪያለሽ። ማሽኑ ላይ ደግሞ ሁለት አቅጣጫ ያለው ማዞሪያ ግጠሚ፤ አንደኛው ፔዳሉን፣ ሁለተኛው የድሮውን መዘውር ብቻ የሚያዝ። ገመዱ አንድ ቀን ሲበላሽ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽ ሥራ እንዳይቆም። አሁን ግን ከሁሉ በፊት ያንን 14 ቀዳዳ ሶኬት ሄደሽ ለኪው፤ ሲ እና ዲ ላይ 10 ቮልት ካገኘሽ የነገርኩሽ የካርድ ሥራ ሁሉ አያስፈልግሽም፣ ፔዳሉን ሠርተሽ መሰካት ነው።